ሽማግሌ የተላከባት ውሻ

ሽማግሌዎቹ በመጡበት ጠዋት ለውሾቹ የማሽላ ገንፎ እያቀዘቀዝኩ ነበር። ሦስት ሆነው በግቢያችን በር ገቡና ከዋንዛው ጥላ ስር ቆሙ። ትልቁ የመንደራችን አዛውንት ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ እኔ ስወለድም በጆሮዬ አዛን ያሉልኝ። ሁለተኛው ከአባቴ ማሳ ጋር ድንበርተኛ የሆኑ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛውን አላውቃቸውም፤ ከወልድያ የመጡ እንግዳ ነበሩ። እናቴ ሮጣ ሰሌን አነጠፈች።

"በሉ አረፍ በሉ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?"

"አንቀመጥም" አሉ ትልቁ። "የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም።"

እናቴ በእጇ የያዘችውን የውሃ ጣሳ መሬት አስቀመጠች። በኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ አልቀመጥም የሚለው ሴት ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ነው። እህቴ ደግሞ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት።

"ልጅቱ ተማሪ ናት፤ ወላሂ አልሰጥም!" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። "ኧረ አንቺ ሴት፣ ልጅሽን ማን ጠየቀሽ? የመጣነው ለውሻዋ ነው።"

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ስለ ውሻ ሽማግሌ ደጇ ድረስ ያስመጣ ልጅ መውለዷን እያሰበች እንደሆነ ከፊቷ አነበብኩ።

የላካቸው ወልድያ ዳር መጋዘን ያለው የእህል ነጋዴ ነው። የመንደራችንን ማሾ በየዓመቱ የሚገዛን እሱ ነው። ከሳምንት በፊት ቡላዋን ቡችላ ስጠኝ ብሎኝ፣ የምትኖርበትን ቦታ ሄጄ ካየሁ በኋላ ከልክዬው ነበር። አብረዋት ከተወለዱት ውስጥ ቤት ያላገኘችው እሷ ብቻ ነበረች።

ውሻ ማራባት ያስተማረኝ ሰው የለም። ስልኬ ላይ ከማየው፣ በእንስሳት ክሊኒኩ ያሉትን ባለሙያዎች እየጠየቅኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን ከቡችሎቹ እናት ነው የተማርኩት። እናቲቱ ጅብ ሲመጣ ተከትላው አትሄድም። በጉረኖው በርና በጅቡ መካከል ትቆማለች። ጅብ አንዱ ውሻውን ወደ ሜዳ ሲስብ ሌላው ከኋላ ዞሮ እንደሚገባ ታውቃለች። ይህ ጠባይ ለልጆቿም ይተላለፋል፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ስለዚህ ቡችሎቹን ከፍየል ግልገሎች ጋር አውላቸዋለሁ፤ እኔም አብሬ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ግልገል የሚያሳድደውን ፍየል ላለው ቤት አልሰጥም። የመኪና ድምፅ የሚያስደነግጠውን ለመንገድ ዳር ቤት አልሰጥም። እናቲቱንም በደረሰች ቁጥር በወንድ አላስጠቃትም፤ አንዴ ከወለደች ቀጣዩን አሳርፋታለሁ።

አብዛኛው ሰው ቡችላ የሚወስደው ገና ዐይኑን እንደገለጠ ነው። እኔ ግን እናቱ ራሷ ጡት እስክትከለክለው፣ ከወንድሞቹ ጋር እየተናከሰ የጥርሱን ልክ እስኪያውቅ፣ ክትባቱንም እስኪወስድ ከእጄ አላወጣውም። ክትባቱ ራሱ ጣጣ አለው። አንድ የባጃጅ ሾፌር "መቀመጫዬን ነጃሳ ልታደርግብኝ ነው? ውረድ!" ብሎ ከነቡችላዬ አስወርዶኛል። ከዚያ ወዲህ ክዳን ባለው ቅርጫት ነው የምይዛቸው። ሚኒባስ ውስጥ ዶሮ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እኔም አላርምም።

እኛ ቤትም ቢሆን ውሻ ደጃፉን አያልፍም። ለከብትና ለአዝመራ ጥበቃ መያዙ እንደማይከለከል የነገሩኝ እኒሁ ትልቁ አዛውንት ናቸው። የሚበሉበት ዕቃ ለብቻው ነው፤ የነኩትን በአፈር አሽቼ አጥባለሁ። እናቴ ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። የሽማግሌው ነገር ግን ከአቅሟ በላይ ሆነባት።

ነጋዴውን የከለከልኩት ባየሁት ነገር ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ በግንቡና በአጥሩ መካከል፣ አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተተክሏል። የበፊቱ ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ እዚያ ታስሮ ነበር የኖረው። "ውሻ ሰው ካየ ይለምዳል፣ ከለመደ ደግሞ አይናከስም" ይላል ነጋዴው። ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፤ በኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚያምነው ነው። ምግቡ ከሩቅ ይወረወርለት ነበር። ዘበኛው እንደነገረኝ ያ ውሻ ንፋስ ሲነፍስም፣ ሠራተኛ ሲገባም፣ ወፍ ሲያርፍም ይጮህ ነበር። አንድ ቀን ሌቦች አጥሩን ቀደው ጆንያ ሲያወጡም ጮኋል።

"ታዲያ ለምን አልተነሳህም?" አልኩት።

"ሲጮህ ሁሉ ብነሳ መቼ እቀመጣለሁ?" አለኝ ዘበኛው።

በመጨረሻ ውሻው ሰንሰለቱን በጥሶ አንድ ጫኝና አውራጅ ነከሰ፤ በዱላ ገደሉት። ነጋዴው ይህን ሁሉ የዘሩ ጥፋት አደረገው። "ያንተዎቹ ዘር ያላቸው ናቸው። አምጣልኝ፣ እዚህችው ምሰሶ ላይ ትታሰር፤ ነብር ሆና ካላየሃት ሰው አይደለሁም" አለኝ። "አልሰጥም ጋሼ" ስለው ዋጋ የማስወደድ መሰለውና ሳቀ። ቀጥሎ ሽማግሌ ላከ።

"ትልቅ ሰው ልኮብሃል" አሉኝ ትልቁ አዛውንት፣ ዋንዛው ስር እንደቆሙ። "እሱንም አክብር፣ እኛንም አክብር። እሺ በለንና እንቀመጥ።"

እኔ ሰው ፊት ንግግር አይሆንልኝም። ቡላዋ እግሬ ስር ገንፎዋን እየላሰች ነበር።

"አባቴ፣ እናንተን እምቢ ማለት ይከብደኛል" አልኩ። "ግን አልሰጥም።"

ከወልድያ የመጡት ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። "እኔ ስንት ደጅ ቆሜያለሁ! አባት ልጁን ሲከለክል ምክንያት አያጣም፤ ዘመድ ነው ይላል፣ አልደረሰችም ይላል። አንተ ምን ልትል ነው? ሙሽራው አይሰግድም ልትል ነው?"

"ሙሽራው ያስራል" አልኩ።

የክርስቲያኑ ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው። ትልቁ ግን አልሳቁም። እናቴ መጥታ ጆሮዬ ስር "ማሾውን ለማን ልንሸጥ ነው? የኛን ብቻ አይደለም፣ የመንደሩን ሁሉ። ስጣቸውና ይሂዱ፤ ውሻ ናት እኮ!" አለች።

እውነቷን ነው፤ ነጋዴው ቢከፋ የሚጎዳው መንደሩ ሁሉ ነው። እኔ ግን የማስበው ስለዚያ ምሰሶ ነበር። ሽማግሌ ለምኖ ብቻ እንደማይሄድም አሰብኩ። ትዳሩ ሲበላሽ የሚጠየቀውም፣ ልጅቱ ተበድላ ስትመለስ የሚያፍረውም እሱ ነው።

"አባቴ፣ ለልጅ ስትቆሙ ዋስ ትሆናላችሁ አይደል?" አልኳቸው።

"እንሆናለን።"

"ለዚችስ?"

"እንሆናለን!" አሉ ከወልድያ የመጡት ፈጥነው። ትልቁ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ እስቲ። እኔ ላላየሁት ቤት ዋስ ሆኜ አላውቅም።"

"እንግዲያው ሄደው ይዩት" አልኩ። "አይተው እዚያ ትኑር ካሉ ራሴ ተሸክሜ እወስዳታለሁ።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። ቃሌን ሰጥቻለሁ። አዛውንቱ አይተው "ምን አለበት፣ ውሻ እንደሆነ ይታሰራል" ቢሉ በገዛ እጄ ላስረክባት ነው። በመንደራችን የታሰረ ውሻ ብርቅ አይደለም።

ሳይቀመጡ ሄዱ። እናቴ ሰሌኑን አጠፈችና እያጉረመረመች ቤት ገባች።

አዛውንቱ የተመለሱት ከቀናት በኋላ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ብቻቸውን ነበሩ። ከሚኒባስ ወርደው በእግራቸው ስለመጡ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ለማንም ሳይናገሩ ዋንዛው ስር ተቀመጡና ውሃ ጠየቁ። ከጠጡ በኋላ ነው የተናገሩት።

"ምሰሶውን አየሁት። ሰንሰለቱ እየዞረ በልቶት ወገቡ ቀጥኗል። እንጨቱ እንዲህ ከሆነ የውሻው አንገት ምን ሆኖ ይሆን አልኩ።"

ጣሳውን ተቀበልኳቸው።

"አትስጥ" አሉ። "ለሱም ነግሬዋለሁ።"

"ምን አለ?" አለች እናቴ።

"ምን ይላል? አልወደደውም። ማሾውን ግን ይገዛል፤ ነጋዴ ነው፣ ከኛ ጋር ተኳርፎ ምን ሊበላ?"

እንዳሉትም ሆነ። በአዝመራው ሰዓት መኪናውን ይዞ መጣ፣ ማሾውን ጫነ። ሰላም የነፈገው እኔን ብቻ ነው። ቡላዋ ከግራና ከተማ በላይ ፍየል ለሚያረቡ አንዲት ባልቴት ተሰጠች። ሴትየዋ ሦስቴ መጥተው ከቡችላዋ ጋር ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ቀን ሲጠሯት አልመጣችም፤ በሦስተኛው ቀሚሳቸው ላይ ተኛች። "ይቺ ነገረኛ፣ ከልጄ ሚስት ይልቅ አስለመነችኝ" እያሉ ወሰዷት። አሁን ፍየሎቹ በሄዱበት ትሄዳለች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ለክትባት ወልድያ ሄጄ በዚያ መጋዘን ጀርባ ሳልፍ ጩኸት ሰማሁ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ነጋዴው ከሌላ ሰው ጥቁር ወንድ ውሻ አምጥቶ እዚያው ምሰሶ ላይ አስሮታል። ግማሽ ያደገ ነው፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። እኔን ሲያይ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ተወርውሮ ጮኸ፣ ከዚያ አንገቱ ታንቆ ሳል ያዘው።

ቡላዋን ከዚያ ቦታ አስቀርቻታለሁ። ቦታው ግን ባዶ አልቀረም። በኔ እምቢታ ምክንያት የመጣ ውሻ ነው። የኔ ዘር አይደለም፣ እኔ አልሰጠሁትም ብዬ መሄድ እችል ነበር። ቅርጫቴን ይዤ ዞሬ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ።

ነጋዴው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ጆንያ ያስመዝናል። ሲያየኝ ቅንድቡን አነሳ።

"ያንተን ውሻ ከለከልከኝ። አሁን ደግሞ የኔን ልታሳድግልኝ መጣህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሽማግሌዎችህስ የት አሉ?"

"ብቻዬን ነኝ። እስኪፈቅዱልኝ ግን አልቀመጥም።"

ጫኝና አውራጆቹ ሳቁ። እሱም ሊስቅ ነበር፣ ተወው።

"ጋሼ፣ ሌባ የገባ ለታ የበፊቱ ውሻዎ ጮኾ ነበር" አልኩት። "ሁሉም ላይ የሚጮህ ውሻ ለማንም ምንም አይነግርም። ሰዎችዎን ይወቃቸው። የራሱን ሰው ሲያውቅ ነው እንግዳውን የሚለየው።"

"እኔ የምፈልገው ክፉ ውሻ ነው እንጂ እንግዳ ተቀባይ አይደለም።"

"ልጁ እውነቱን ነው" አለ ዘበኛው ከበሩ። "የያኔው ጩኸት ጆሮዬን አደነቆረው እንጂ አላነቃኝም።"

ነጋዴው ወደ ዘበኛው፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። "አንድ ወር። ሰው ከነከሰ ካንተ ነው። ከጠፋም ካንተ ነው። ካልሆነ እንደበፊቱ አስረዋለሁ።"

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከኛ አገር ከመርሳ ወልድያ ድረስ እሄዳለሁ። መጀመሪያ አስከተብኩት። የአጥሩን ቀዳዳ በአሮጌ ቆርቆሮ ደፈንኩ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከምሳው አንድ ጉርሻ በእጁ እንዲሰጠው ለመንኩ። ከነሱ አንዱ "ሚስቴን አጉርሼ አላውቅም፣ ውሻ ላጉርስ?" አለ፤ ግን አጎረሰው። ውሻው ቀስ በቀስ የእነሱን ኮቴ ሲሰማ መጮህ ተወ። የማያውቀው መኪና ሲቆም ግን ይነሳል፣ ዘበኛውም አብሮት ይነሳል።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሰንሰለቱን ፈታሁት። ነጋዴውም ሊያይ ወጣ። ውሻው ሰንሰለቱ ይወጠርበት እስከነበረው ቦታ ድረስ ሮጠና ቆመ። ከዚያ አላለፈም። እግሩ የረጋገጠው መሬት ክብ ሆኖ ሣር አጥቷል፤ እሱ በዚያ ክብ ጠርዝ ይመላለሳል። ወዲያ ማዶ ቁጭ ብዬ ሥጋ አሳየሁት። ምራቁ ይንጠባጠባል፣ አይሻገርም።

"አየህ?" አለ ነጋዴው። "ራሱ አይፈልግም።"

ዘበኛውን ድጅኖ ጠየቅኩት። የምሰሶውን ስር መቆፈር ስጀምር ነጋዴው "ምን ልታደርግ ነው?" አለ፤ ተው ግን አላለም። መሬቱ ጠንካራ ነበር፤ ጥልቅ ነው የተተከለው። ሁለት ጫኝና አውራጆች መጥተው አብረውኝ ወዘወዙት። ሲነቀል ትከሻዬ ላይ አደረግኩትና ወደ በሩ ሄድኩ።

ውሻው አፍንጫውን ዘርግቶ ከኋላዬ መጣ፤ እንጨቱን እያሸተተ ክቡን አለፈ፣ ሚዛኑን አለፈ፣ በሩ አጠገብ ደረሰ። መሬት ላይ ስጥለው ዙሪያውን አሸተተ፣ እግሩን አነሳና ሸናበት።

ጫኝና አውራጆቹ ጮኸው ሳቁ።

"እዚያ መሀል አትተውብኝ፣ መኪና ይገባል" አለ ነጋዴው፣ ወደ ሚዛኑ እየተመለሰ።