ዳገት ያቃተው ባቡር

መካነ ሰላም ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሙያዬን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ማፈሬ ስለማይቀር ነው።

ሰኔ ላይ፣ በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን፣ የአሻንጉሊት ባቡሬ አምስት ፉርጎ ጎትቶ በጣውላ የሠራሁለትን ዳገት እንደሚወጣ ስፎክር ሰነበትኩ። እንዲቀለው ብዬም ከሆዱ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ብረት አወጣሁለት።

ዕለቱ ደርሶ ባቡሩ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! አንዳንዱ ወላጅ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ከፊት ወንበር ላይ ሁለት ሰው የሚያክሉ አንድ መሪጌታ ተቀምጠዋል። ዝናቡን ሊጠለሉ የገቡ ነበር የመሰለኝ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩትን ብረት በመቋሚያቸው ጠቁመው፣ "ይሄ የምኑ ነው?" አሉኝ።

"ከባቡሩ ሆድ ያወጣሁት ነው፤ እንዲቀለው ብዬ።"

"በል መልስለት።"

"መሪጌታ፣ ቀሎት ያልወጣውን ከብዶት ይወጣዋል?"

"መልስለት አልኩህ እኮ!"

ትልቅ ሰው ላለማስቀየም ብዬ መለስኩለት። ባቡሩ ሐዲዱን ቆንጠጥ አድርጎ አምስቱንም ፉርጎ እየጎተተ ወጣው! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"ለመሆኑ ፊዚክስ የት ተማሩ?" አልኳቸው አፍሬ።

ሳይመልሱልኝ አንድ የሚኒባስ ሹፌር በበሩ አንገቱን አስገባ።

"መሪጌታ፣ የወግዲ መንገድ ጨቅይቷል! ከኋላ ጎማው በላይ ያለውን ወንበር ይዤልዎታለሁ፤ ያለ እርስዎ ዳገቱን አልወጣውም!"