የእትዬ ራህመት መደብ

ጋሽ ጀማለዲንን ያወቅኳቸው አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተን፣ እኔ ከላይ እሳቸው ከታች ስንኖር ነው። አረም አይወዱም። የወሎ፣ የሐይቅ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ በሥራቸው፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እየቆረጡም ዓይናቸው አረም ይፈልጋል። ከአስፋልት ስንጥቅ ብቅ ያለች ሣር እንኳን ጎንበስ ብለው ይነቅላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ራህመት "ከተማው ደመወዝ ይቁረጥለት እንጂ" እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

እትዬ ራህመት እዚያው አጠገብ ካምቤል ከተማ አንድ ችግኝ ጣቢያ ይሠሩ ነበር። በፈረንጆች 1996፣ መስከረም ላይ፣ ትሪሊየም የሚባል የዚሁ አገር የጫካ አበባ ዘር ይዘው መጡ። የዘሩትም ከጓሮ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ የአፈር መደብ ሠርተው ነው።

"ጥላ ውስጥ ምን ሊበቅል ነው?" አሏቸው ጋሽ ጀማለዲን።

"እሱ ጥላ ነው የሚወደው። አንተ ብቻ አትቸኩል።"

ከዚህ በላይ አላስረዱም፤ ጊዜ ያለ መስሏቸው። ታኅሣሥ ላይ የእትዬ ራህመት ልብ ድንገት ቆመ።

በለቅሶው ሰሞን ቤቱ ሞላ፤ ከኦክላንድ ሳይቀር ሰው መጣ። እዚህ አገር ግን ለቅሶም ከሥራ ያገኙት ደይ ኦፍ እስኪያልቅ ነው። ሁሉም ወደየሥራው ሲመለስ ቤቱ ጭር አለ። ልጃቸው ሪሀና ከምትኖርበት ከማውንቴን ቪው እየደወለች በእንግሊዝኛ "በላህ ወይ?" ትላቸዋለች። "በልቻለሁ" ይላሉ። አልበሉም።

መጋቢት ሲገባ መደቡ ባዶ ነበር። ጋሽ ጀማለዲን ተጨነቁ፤ ከራህመት እጅ የቀረው ነገር እሱ ብቻ ነበርና። ዘር አልወጣ ሲል ገበሬ የሚያደርገውን አደረጉ፤ አፈሩ ጠጥሮበት ይሆናል ብለው ኮተኮቱለት። ቅዳሜ ኮተኮቱ፣ እሑድ ደገሙት፣ አረሙን ለቅመው ጨረሱ። እኔም በመስኮት እያየሁ ጎበዝ ናቸው አልኩ።

ግንቦት ላይ የእትዬ ራህመት የሥራ ባልደረባ እድላዊት ልትጠይቃቸው መጣች። መደቡን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"ጋሼ፣ ማን ነው የቆፈረው?"

"እኔ ነኝ። አልበቅል አለኝ።"

"በመጀመሪያው ዓመት እኮ ከአፈር በታች ሥር ብቻ ነው የሚያወጣው። በሁለተኛው አንዲት ሣር የመሰለች ቅጠል ትወጣለች። ለአበባው ገና ስንት ዓመት አለ! እትዬ ራህመት እስኪያብብ ዌይት አደርገዋለሁ ይሉ ነበር።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ጋሽ ጀማለዲን የሚለቀም እንኳን ያስቀሩ አልመሰለኝም። እድላዊት ከሄደች በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"በገዛ እጄ" አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

በዓመቱ መደቡን አረም ወረሰው። ጋሽ ጀማለዲን አልነኩትም። አረሙ እስከ ጉልበት ደረሰ፤ አከራያችን ሊያሳጭደው ሰው ሲልክ በሩ ላይ ቆመው መለሱት። ጋሼ አበዱ እንዴ ብዬ ሰጋሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያንን ሁሉ አረም ውሃ ሲያጠጡ ሳይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

"ጋሼ፣ አረም እኮ ነው የሚያጠጡት።"

ቀና አላሉም።

"አውቃለሁ። ከመሃሉ አንዷ የሷ ብትሆንስ? መለየት አልችልም። ሁሉንም አጠጣለሁ።"