ለአንዲት ልጅ ጓደኛ ፍለጋ

ቶሮንቶ ውስጥ ቤት መግዛት የማይታሰብ ሲሆንባቸው፣ በመኪና ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ገብተው የቀሩ ቤተሰቦች በቤተ ክርስቲያናችን አሉ። ቦታው ሰፊ ነው፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ልጅ የሚያበላሽ ነገር የለም ይላሉ። ልጅ የሚያናግርም የለም እላለሁ እኔ፤ ግን ማን ሰምቶኝ። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አይልኩም፣ እናቶች ናቸው ቤት የሚያስተምሯቸው።

ከእነዚህ እናቶች አንዷ በረዶው ሊቀልጥ ሲል አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ያዘችኝ። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጇ ሰው ማናገር አቅቷታል። እንግዳ ሲመጣ ክፍሏ ገብታ ትዘጋለች። “አንቺ ከወጣቶች ጋር ትግባቢያለሽ። እንደሷ ቤት የሚማሩትን ኦንላይን ሰብሰብ አድርጊልን፣ ጓደኛ ብታገኝ” አለችኝ። የኔዎቹ ልጆች አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ ቅዳሜዬ ባዶ ነው። እሺ አልኳት።

ልጅቷ የምትፈልገው ግን ሌላ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻችን ስናወራ “አንቲ፣ እኔ ሃይስኩል መሄድ ነው የምፈልገው” አለችኝ። አባቷ የትራክ ሾፌር ነው። እስከ መስከረም ጓደኛ ካላገኘች ሊያስመዘግባት ቃል ገብቶላታል፤ ካገኘች ግን እዚያው ቤት መማሯን ትቀጥላለች። ነገሩን ወደድኩት። ወይ ጓደኛ ታገኛለች ወይ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ በየትኛውም በኩል ሰው አታጣም ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከየገጠሩ ስድስት ሰባት ልጆች ይገባሉ። ይገባሉ ስል ካሜራቸውን አጥፍተው ነው። ካሜራ ከፍተው መጀመሪያ የሚታዩኝ እናቶቻቸው ናቸው። አንዷ ብቅ ብላ ሰላምታ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ድምፅዋን ሰምታ ትመጣለች፣ “እንዴት ናችሁ፣ ጌታ ይመስገን” ሲባባሉ ግማሹ ሰዓት ያልቃል። ልጆቹን ምን እንደሚወዱ ስጠይቅ ከጎን ሆኖ መልስ የሚያቀብል አለ። አንዱ አባት “መጽሐፍ ማንበብ በል” ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ልጁም “መጽሐፍ ማንበብ” አለ። እባካችሁ ለብቻቸው ተዉልኝ ብዬ ለመንኩ። ወጡ፤ በሩን ግን ክፍት ትተው ነው።

ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ከወጡ በኋላ እኔና ልጅቷ እንለማመዳለን። እኔ የማታውቃት እኩያዋ እሆናለሁ፣ እሷ ወሬ ትጀምራለች። መጀመሪያ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቃ ጭጭ ትል ነበር። እየዋለ ሲያድር ለቀቅ አለች። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለመምሰል ስፍጨረጨር በሳቅ ፍርስ ትላለች።

ሐምሌ ላይ በሌላ አቅጣጫ ያለ ገጠር የምትኖር አንዲት እኩያዋ ካሜራዋን ከፈተች። ጭኗ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። የኛዋም ሮጣ ወጥታ የራሷን ዶሮ ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ እኔን የሰማኝ የለም። የዚያኑ ዕለት ቴክስት መደራረግ ጀመሩ። ኩሽናዬ ውስጥ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ምን ያደርጋል። እናትየው የልጇን ስልክ ታያለች፤ አይታም “የማን ልጅ ናት?” አለች። ልጅሽ ከማን ጋር እንደምትውል ማወቅ አለብሽ፣ ደንቡ ነው። ወደ ባለዶሮዋ ልጅ እናት ደወለች። ሁለቱ እናቶች የአንድ ሰፈር ልጆች ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው፤ ጠዋት ኮል፣ ማታ ኮል። ልጆቹ የሚጻጻፉትን እያነበቡ ይሳሳቁበታል። ልጆቹ መጻፍ ፈሩ። ነሐሴ ላይ እናቶቹ ቶሮንቶ፣ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ብሉር መንገድ ተቀጣጥረው ጤፍና በርበሬ ሊገዙ መጡ። ልጆቹን ይዛችኋቸው ኑ ብዬ ለምኜ ነበር። “ትንንሾቹን ማን ይጠብቃል?” አሉኝ። ሁለቱ ልጆች በየቤታቸው ሕፃን ሲጠብቁ ዋሉ፣ መጻጻፉም በዚያው ቀረ። በጣም ተናደድኩ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ልጅቷ ለእኔ መደወል አበዛች። የምሠራው ኢቶቢኮ ያለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የምሳ ሰዓቴን ታውቀዋለች። የትኛዋ ዶሮ እንቁላል እንዳቆመች፣ ታናሽ ወንድሟ ምን እንደሰበረ ትነግረኛለች። የወለድኳቸው እንዲህ አይደውሉልኝም፣ ስለዚህ እኔም መጠበቅ ጀመርኩ። ጓደኛ ባለማግኘቷ ባዝንም፣ መስከረም ደርሷል፣ ትምህርት ቤት ትገባለች እያልኩ እጽናና ነበር።

መስከረም ሲገባ እናትየው ደወለች።

“እህቴ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። ልጄ ተለወጠች። ስልክ ይዛ ስትስቅ ነው የምትውለው።”

“ትምህርት ቤት መቼ ትጀምራለች?” አልኳት።

“ደግሞ ትምህርት ቤት ምን ያደርግላታል? ጓደኛ አገኘች እኮ። አባቷ ራሱ ደስ ብሎታል።”

“ማንን ነው ያገኘችው?”

“አንቺን ነዋ።”

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው አልኳት። “ታዲያ ምን አለበት?” አለችኝ፤ “ከማናውቀው ሰው ልጅ አንቺ አትሻይም?” የምትቀልድ መስሎኝ ነበር፣ አልቀለደችም። ለአባትየውም ደወልኩ። መንገድ ላይ ነበር። በትሕትና አዳመጠኝና “እኔ በቃሌ ነው ያለሁት” አለኝ።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ መሰለኝ፤ ስልኳን አለማንሳት። ጓደኛ የላትም ይባልና ያስመዘግቧታል። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ አየሁት። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ፣ እንደገና ጠራ። ካነሳሁት ጓደኛ አላት ተብሎ እዚያው ትቀራለች። ካላነሳሁት ደግሞ ዛሬ የሚያናግራት ሰው የለም። አነሳሁት።

“አንቲ፣ ሃይስኩሉ ካንስል ሆነ” አለችኝ።

“ሰማሁ” አልኳት።

ከዚያ “ነገም በዚህ ሰዓት ብሬክ ላይ ነሽ?” አለችኝ።

“አዎ፣ ነኝ” አልኳት።