የማይስበው ቬንትሌተር

የሥራ ባልደረቦቿ «ሙጫዋ» ይሏታል። ሶል ከጫማ ጋር የምታጣብቅ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አንዴ የያዘችውን ነገር ስለማትለቅም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ማስቲሽ ስትቀባ ኖራለች።

ጫማ መሥሪያው ምድር ቤት ነው፤ ሃያ ሁለት ሠራተኛ፣ ሁለት መስኮት። መስኮቶቹም ቆዳው ላይ አቧራ እንዳያርፍ ተብሎ በፕላስቲክ ተለብጠዋል። አየር ያወጣል የሚባለው ግድግዳው ላይ የተገጠመው ትልቅ ቬንትሌተር ነው። ጠዋት ሲከፈት እንደ ወፍጮ ማጓራት ይጀምራል፤ ሠራተኛው እስኪወጣ ድረስ አያርፍም።

ሥራውን ያገኘችላት አብሮ አደጓ ናት። አንድ ግቢ ነው ያደጉት። አንድ ደብተር ለሁለት ቀደው ተምረዋል። ሙጫዋ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ትራሷ አጠገብ ሆና ያስታመመቻትም እሷ ነበረች፤ ልጅቷም «አክስቴ» እያለች ነው ያደገችው። አብሮ አደጓ የክፍሉ ኃላፊ ስትሆን ሙጫዋ ራሷ የተሾመች ያህል ነው ደስ ያላት።

ራስ ምታቱ የጀመራት ሰሞን መነጽር የሚያስፈልጋት መስሏት ነበር። ቀጥሎ ማዞር መጣ፤ ከዚያ ደረቅ ሳል። እሑድ ቤቷ ስትውል ይተዋታል፤ ሰኞ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይመለስባታል።

«ይሄ በሽታሽ ቀን ይቆጥራል ልበል?» እያለ ባሏ ይቀልድባት ነበር።

አንድ ቀን አብሮ አደጓን «ቬንትሌተሩ ደህና ነው ግን?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሲጮህ አትሰሚም እንዴ? ባለፈው ሳምንት እንኳ አስጠርጌዋለሁ። በእኔ ይሁንብሽ!»

በእኔ ይሁንብሽ ካለቻት ወዲያ ምን ትበል? ወደ ማስቲሿ ተመለሰች። በዚያው ወር ኃላፊዋ የራሷን ጠረጴዛ ከውስጥ አስነስታ ደረጃው አናት፣ በሩ ጋ አስቀመጠችው። «ለቁጥጥር ይመቸኛል» አለች፤ ማንም ልብ አላለውም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ሙጫዋ ጫማ በእጇ እንደያዘች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት።

«እሑድ እሑድ ይሻልሻል?» አለቻት ሐኪሟ፣ ከመረመረቻት በኋላ።

«አዎ፤ በምን አወቅሽ?»

«ማስቲሹ ሲደርቅ ትነት ይለቃል፣ እህቴ። ትነቱ መውጫ ሲያጣ እዚያው ይታመቃል። መጀመሪያ ራስ ያዞራል፤ እያደር ሳንባ ይጎዳል፣ ነርቭም ይነካል።»

«ቬንትሌተር አለን እኮ!»

«መጮኹ ብቻውን ምንም አይደለም። ስስ ወረቀት አስጠጊበት፤ አየር የሚስብ ከሆነ ወረቀቱ ይለጠፍበታል።»

በማግስቱ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ሙጫዋ ወንበር ላይ ቆመች። ጫማ የሚጠቀለልበትን ስስ ወረቀት ከሚያጓራው ቬንትሌተር ፊት ይዛ ለቀቀችው። ወረቀቱ እግሯ ሥር ወደቀ። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቴም ወደቀ።

ወጥታ በጓሮ በኩል ዞረች። የቬንትሌተሩ መውጫ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የጎረቤት መጋዘን ግድግዳ ልጥፍ ብሎ ቆሟል። ግድግዳው አዲስ እንኳ አይደለም፤ ዝናብ አጥቁሮታል።

«ይሄ መቼ ነው የተሠራው?» አለችው ጥበቃውን።

«ሁለት ዓመት አለፈው። ኃላፊሽ ቆማ ስታይ ነበር እኮ፤ ‹ለሠራተኛው አታውራ፣ ይረበሻል› ብላኛለች።»

ክው አለች። በቀጥታ በሩ ጋ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደች።

«ግድግዳውን ታውቂ ነበር?»

አብሮ አደጓ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለጫማ መሥሪያው ባለቤት ነግሬዋለሁ። ሌላ መውጫ መብሳት ሥራ ያስቆማል አለኝ። ምን ላድርግ?»

«ለእኔ መንገር ነዋ!»

«ብነግርሽ ዝም ትዪ ነበር?»

«አልልም።»

«እኮ!»

«ጠረጴዛሽንስ? እዚህ ያወጣሽው ለምንድን ነው?»

አብሮ አደጓ አንገቷን ደፋች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሙጫዋ ስንቴ ሰምታለች፤ ከጀርባው መውደቅ ምን እንደሚመስል ያወቀችው ግን ያን ቀን ነው። እዚያ ምድር ቤት ስታስል ይህች ሴት ከላይ እየሰማቻት ነበር።

ሰኞ ጠዋት የመስኮቶቹን ፕላስቲክ በገዛ እጇ ቦጫጭቃ ጣለች። የወረቀቱን ነገር ለሁሉም አሳየቻቸው። ያን ቀን አንድም ሰው ወደ ምድር ቤት አልተመለሰም፤ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ባለቤቱ መጣ፣ ተቆጣ፣ ለመነ። በሦስተኛው ቀን ግንበኛ ጠራ።

አሁን በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ፣ ማስቲሽ ከሚቀባበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ አዲስ መውጫ ተከፍቶ ቬንትሌተሩ እዚያ ተገጥሟል። ንጹሕ አየር ፊት ለፊት ካሉት መስኮቶች ይገባል፤ ትነቱ ወደ ሰው ፊት ሳይደርስ ይወጣል። የማስቲሽ ጣሳ ያለ ሥራ ክዳኑ አይከፈትም። በየሁለት ሰዓቱ ሁሉም ወጥቶ ይናፈሳል። በየሳምንቱ ወረቀቱን የምታስጠጋው ሙጫዋ ናት።

ራስ ምታቱ ለቀቃት። ሳሉ ግን ጨርሶ አልተዋትም፤ ሐኪሟም «ቀድመሽ ብትመጪ ኖሮ» ብላ ነገሩን ሳትጨርሰው ቀረች።

አብሮ አደጓ አሁንም ኃላፊ ናት። ቤቷ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥታ አልቅሳለች። በቀደም ጠዋት በሩ ላይ ተገናኙ።

«ሳልሽ እንዴት ነው?» አለቻት በቀስታ።

«ደህና ነኝ፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አለቻትና ደረጃውን ወረደች።