ውኃው የደረሰበት መስመር

የእህቴ ልጅ ጀርመን አገር ነርስነት ትማራለች። ባለፈው ክረምት ለልምምድ የተመደበችው ራይን ወንዝ ዳር ባለች የገጠር ወረዳ፣ በአንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ነበር፤ መኖሪያዋም እዚያው። ክፍሏን ቀድማ ብትረከብም፣ የልምምዱን ውል እስከ ዓርብ መፈረም ነበረባት። «ወንዙ ከመስኮቴ ይታያል» ብላ በስልክ ስትነግረን ደስታዋን አልቻለችውም። እናቷ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

«ቦታ ጠፍቶ ነው ልጄን ወንዝ ዳር የሚያስተኟት?»

መካነ ሰላም ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ አያስቅም። እኛ የምንኖረው ደጋው ላይ ነው። ወንዝ ማለት ከገደሉ ሥር፣ ሙቀትና ትንኝ ያለበት፣ ወርደው ሠርተው ቶሎ የሚወጡበት ነው። የእህቴ ባል ማሽላ ሊያርስ ዓባይ በረሃ ወርዶ የወባ ንዳድ ይዞት ወጣ፤ ሳምንት ሳይቆይ ሞተ። ልጅቱ ያኔ ገና መዳህ መጀመሯ ነበር።

ልጅቱ ለብቻዬ ደወለችልኝ። «እማ ዱአ ካላደረገችልኝ አልፈርምም። ካልፈረምኩ ደግሞ ዓመቱ ተቃጠለ። አክስቴ፣ አንቺ መጽሐፍ ታነቢያለሽ፤ አስረጂያት።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ ያልገባኝን ገባኝ ማለት አልወድም። የወረዳዋን ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ ፈልጊ አልኳት። ከመጦሪያው መደርደሪያ አገኘች፤ እየተረጎመች በድምፅ ላከችልኝ፣ እኔም በደብተር ገለበጥኩ።

ወንዙ ድሮ ሜዳው ላይ እየተጠማዘዘ ይሄድ ነበር። በጎርፍ መንገዱን ይለውጣል፤ ጥሎት የሄደው ውኃ ረግረግ ይሆናል። ረግረጉም ንዳድ ያመጣ ነበር። እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። ኋላ መሐንዲሶች ጥምዝምዙን ቆርጠው አቀኑት፤ ረግረጉ ሲደርቅ ንዳዱም እየቀረ ሄደ። ጎርፉ ግን አልቀረም። በመጦሪያው አሮጌ ግድግዳ ላይ ውኃው የደረሰበት ከፍታ ሁሉ ከነዓመቱ በመስመር ተቀርጿል።

«ንዳዱንና ጎርፉን ዝለያቸው» አለችኝ ልጅቱ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አስቤው ነበር። ወደ እህቴ ቤት ስሄድ ያንን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፌዋለሁ። ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ወይን በተዳፋቱ ላይ እንደሚተከል፣ ጀልባ እህል ጭኖ እንደሚመላለስ አነበብኩላት። ሰማችኝና፣

«ወንዝ ሆኖ ምንም ክፋት የለውም በይኛ!» አለች። «የማታ ትምህርት ያስገባሁሽ እንድታባብዪኝ ነው?»

እውነቷን ነው፤ ጎረቤት እየሳቀብኝ፣ እጄን ይዛ ያስመዘገበችኝ እሷ ናት። ያጠፍኩትን ገጽ ዘረጋሁ። ንዳዱን ሳነብ እጇ ምስሩ ውስጥ ቀረ። ጎርፉን አነበብኩ። ስለ መስመሮቹ ስደርስ ቀና አለች።

«ከነዓመቱ?»

«ከነዓመቱ።»

«ስንት ናቸው?»

መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ደወልን። ልጅቱ መጀመሪያ «አክስቴ! ነገርሻት?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ወርዳ ግድግዳውን በስልኩ አሳየችን። አምስት መስመሮች ነበሩ። ብትጠጋው የላይኛው ትከሻዋን ይነካል።

እህቴ አተኩራ አየችው። «ከያንዳንዱ በኋላ ተመልሶ የጻፈ ሰው አለ ማለት ነው» አለች። «የኛ ሰዎች ከወረዱበት ማን ተመልሶ ጻፈ?»

ከዚያ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ ልጇን ጠየቀቻት።

«አንቺ የምትተኚው የት ነው?»

«ሦስተኛ ፎቅ፣ እማ።»

«እስቲ ውጪና አሳዪኝ። ደረጃውን እየቆጠርሽ።»

«እማ፣ ሰው ያየኛል እኮ!»

«ይይሽ! ቁጠሪ።»

ልጅቱ እየሳቀችና እያለከለከች ቆጠረች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ እህቴ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፍታ ሁለት እጇን ዘረጋች። ዱአው ሲጀመር ቆጠራው አላለቀም ነበር።

«አሚን በዪ እንጂ!» አለቻት።

ልጅቱ ደረጃው መሃል ቆማ አሚን አለች።