ፈፋው ዳር የተተከለ ድንኳን

ገንዘቤ ሰው ስትንቅ አትሳደብም፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች። የሚያውቋት ሁሉ ይህን ያውቃሉ።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት ቦሌ አራብሳ ስትገባ ከሕንፃው ጀርባ ያለው መሬት ገና የታጨደ ጤፍ ሽታ ነበረው። ሽታው ሳይቆይ ጠፋ፤ የቀረው ፈፋው ነው። በየክረምቱ ጎርፉ አፈሩን እየናደ ግራውንድ ላይ ወደሚኖሩት ይገባ ጀመር። የባሰባት ጎረቤቷ ራሕማ ነበረች፤ አንድ ሐምሌ ልጆቿን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ እርዳታ ስትጣራ ሰፈሩ ሰምቷል። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ሙሉአለም «እናመለክታለን» አሉ። እስከ ዛሬም እያመለከቱ ነው።

ገንዘቤና የእድሩ ሴቶች ግን አካፋ አነሱ። ፈፋው ዳር ግራርና ወይራ፣ በመሐሉም ሥሩ አፈር የሚጨብጥ ሣር ተከሉ። ባለፈው ክረምት ራሕማ ደጅ ውሃ ድርሽ አላለም።

ይህን ጊዜ በየሆቴሉ ስብሰባ የሚያዘጋጁት ሰሙ። ቦሌ፣ «የሴቶች ሚና ለአየር ንብረት ፍትሕ» የሚል ጨርቅ የተሰቀለበት አዳራሽ ውስጥ ገንዘቤን ፊት አስቀመጧት። አዳራሹ በማቀዝቀዣ እንደ ጣርማ በር ይበርዳል፤ ሰው ሁሉ ኮቱን ቆልፎ ስለ ምድር መሞቅ ያወራል።

«እናታችን፣ ድምፅዎን ለዓለም እናሰማለን!» አለች አወያይዋ።

«ዓለም ይቆየኝ። መጀመሪያ አቶ ሙሉአለም ይስሙኝ።»

አዳራሹ ስቆ አጨበጨበ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ገንዘቤ ነጠላዋን አስተካከለች።

ስልኳ ጮኸ። ራሕማ ናት። «ገንዝዬ፣ ድረሺ! ሙሉአለም ሎደር አምጥቷል! ፓርኪንግ ነው አሉ፤ ሁለት ግራር ጥሏል!»

ገንዘቤ አዳራሹን ጥላ ወጣች። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ የእድሩን ዕቃ ለምትጠብቀው ለሚስኪ ደወለች።

«ድንኳኑን አውጪ።»

«ውይ! ማን ሞተ?»

«ሎደሩ ፊት ትከሉት ብያለሁ!»

ስትደርስ ድንኳኑ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ራሕማም ሻርፗን ጠቅልላ ተቀምጠዋል። የሎደሩ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ጥግ ይዟል። የእናት ልጅ ነው፤ በለቅሶ ድንኳን ላይ አይነዳም።

አቶ ሙሉአለም የመኪና ቁልፋቸውን እያሽከረከሩ ደጅ ቆመዋል። «ወይዘሮ ገንዘቤ፣ ምን ዓይነት ቧልት ነው? ማን ሞተና ነው?»

«ሁለት ግራር። የቀሩትም እያጣጣሩ ነው። ይግቡ፣ ንፍሮ ይቅመሱ።»

«እኔ እኮ መኪና ማቆሚያ ነው ያልኩት!»

«እሳቸው ምን አለባቸው፣ አራተኛ ፎቅ ናቸው!» አለች ራሕማ ከውስጥ። «ውሃው እሳቸው ጋ እስኪወጣ እኛ እንዋኝ?»

ሴቶቹ ለቅሶ መሆኑን ረስተው ሳቁ።

ገንዘቤ አልሳቀችም። «ድንኳኑ የእድሩ ነው፤ እርስዎም አባል ነዎት። ያስነሱት። ግን የእርስዎ ቀን ሲደርስ የሚተክልልዎትን ካሁኑ ይፈልጉ።»

አቶ ሙሉአለም ዙሪያቸውን አዩ። በረንዳው ሁሉ ሰው ነው። ለቅሶ ደጅ ቆሞ መከራከር ደግሞ ለሊቀመንበርም ነውር ነው። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፤ ለሾፌሩ ሂድ የሚል ምልክት ሰጡ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ገቡና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሚስኪ ንፍሮ ዘገነችላቸው።

ሎደሩ ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ የገንዘቤ ስልክ እንደገና ጮኸ።

«እናታችን፣ የቡድን ፎቶ ሳንነሳ ጠፉብን እኮ!» አለች አወያይዋ።

«ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«ወይኔ! ማን ሞተብዎት?»

ገንዘቤ አንገታቸውን ደፍተው ንፍሮ የሚያላምጡትን አቶ ሙሉአለምን አየቻቸው። ነጠላዋን አስተካከለች።

«የሚያሳዝን ሰው አይደለም» አለችና ዘጋችው።