ባለነጠብጣቡ ቀሚስ

ለማስተርስ መመረቂያዬ የመረጥኩት ርዕስ የአዲስ አበባ ሴቶች አለባበስ ስለየዘመኑ ምን ይናገራል የሚል ነበር። ጓደኞቼ «ፋሽን ልትማሪ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ከረሙ። እኔ ግን አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ ካዛንቺስና ቂርቆስ ውስጥ አልበም ያልለመንኩበት ቤት ጥቂት ነው።

ከአምስት ቤት አምስት ፎቶ አገኘሁ። ሁሉም በደርግ ጊዜ ፎቶ ቤት የተነሱ ወጣት ሴቶች ናቸው። አምስቱም አንገቱ ክብ የሆነ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀሚስ ለብሰዋል። በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ጨርቅ በቀበሌ ሱቅ ይታደል ስለነበር ሴቶቹ አንድ ዓይነት ለመልበስ ተገደዱ ብዬ ሦስት ወር የፈጀ ምዕራፍ ጻፍኩ። አማካሪዬም ወደደችው። ዓርብ ማስገባት ብቻ ቀረኝ።

ማክሰኞ ዕለት፣ ለወጉ ያህል አንድ ሰው ልጠይቅ ብዬ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደሚኖሩ አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ሄድኩ። ከፎቶዎቹ አንዱ የሳቸው ነው፤ የሰጠችኝ ልጃቸው ነበረች። አምስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩና በሳቅ ፈረሱ።

«ምነው እትዬ?»

«ይሄ እኮ አንድ ቀሚስ ነው፣ ልጄ!»

ጨርቁ የደረሰው ለሳቸው ብቻ ነው፣ በዕጣ። ያኔ የአምስቱም ባሎች ጦር ግንባር ነበሩ። ሴቶቹ ፎቶ ሊልኩላቸው ፈለጉ፤ ደህና ልብስ ግን ያላት የለችም። እሳቸው ከሁሉም ወፍራሟን ጎረቤት ለክተው ሰፉት፤ ሌሎቹ በየተራ ሲለብሱት ትርፉ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይያያዝላቸው ነበር። አንዷም ወደ ጎን ዞራ ያልተነሳችው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ «የዘመኑ ወታደራዊ አቋቋም» ብዬ ግማሽ ገጽ ጽፌበታለሁ። ጉድ ነው!

ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው መሰለኝ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። «አይዞሽ፣ ባሌም እንዳንቺው ነው የተሳሳተው። እሱና የጎረቤቴ ባል አንድ ምሽግ ነበሩ፤ ፎቶ ሲተያዩ ግራ ገባቸው። ‹ቀበሌ ነው እንዴ ያለበሳችሁ?› ብሎ ጻፈልኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«አዎ አልኩታ! ለሁላችንም ታድሎናል፣ ምንም አልጎደለብንም፣ ስለኛ አታስብ አልኩት። እዛ ቁጭ ብሎ ስለ ቀሚስ ይጨነቅ?»

ሦስት ወር የለፋሁበት ድምዳሜ፣ እኚህ ሴት ባላቸው ሐሳብ እንዳይገባው የፈጠሩት ውሸት ነበር። አፈርኩ፤ ደግሞም በጣም ወደድኳቸው።

«ታዲያ እውነቱን መቼ ነገሩት?»

«ሲመለስማ የት እደበቃለሁ? ገና በመጣ በማግስቱ ‹እስቲ ያንን ቀሚስ ልበሽልኝ› አለኝ።» ሳቃቸው ተመልሶ መጣ። «የጎረቤቴ ተራ ነበር!»

ዓርብ ባዶ እጄን አማካሪዬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሁለት ሳምንት ጨመረችልኝና፣ እኔ እዚያው እንደቆምኩ ስልኳን አንስታ ደወለች።

«እማዬ» አለች፣ «ሳሎን የተሰቀለው ፎቶሽ ላይ ያለው ቀሚስ የማን ነበር?»